አሊና ታይሰን ቢገጥሙስ? ክርክሩ እንዴት ይያዝ

ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ስለ ቦክስ ሲያወራ «አሊ ታይሰንን ይዘርረዋል» የሚል አይጠፋም። ወሬው መላ ቅጡ የሚጠፋው አንዱ ወጣቱን አሊ፣ ሌላው በማብቂያው ዘመን ላሪ ሆምስ የደበደበውን አሊ ይዞ ሲሟገት ነው።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አንድ ምሽት ምረጡ። ለአሊ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በሦስተኛው ዙር የጨረሰበት ኖቬምበር 14 ቀን 1966፣ ለታይሰን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የዘረረበት ጁን 27 ቀን 1988 ይሁን። አቆጣጠሩንም ተስማሙ፤ «1980» በፈረንጆቹ አሊ በሆምስ የተሸነፈበት፣ በእኛ ደግሞ ታይሰን ስፒንክስን የጣለበት ዓመት ነው። በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይባክናል። እዚህ ግን ሌሎቹ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ቀጥሎ የዙሩ ብዛት። በአሊ ዘመን የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር፤ ታይሰን ግን ከ12 ዙር አልፎ አያውቅም። 15 ካላችሁ ለአሊ አዳልታችኋል፣ እወቁት።

ከዚያ ልኬት። አሊ ቁመቱ 191፣ የክንዱ ስፋት 198 ሴንቲ ሜትር ነው። ታይሰን 178 እና 180። ክብደታቸው ግን ተቀራራቢ ነው፦ 96 እና 99 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ጉልበት ሳይሆን ታይሰን በአሊ ጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ በሚወረወረው ቡጢ) ስር ጎንበስ ብሎ መግባት ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ማስረጃ ስትጠሩ ከተመረጠው ምሽት አትራቁ። ፍሬዘር በ1971 አሊን በግራ ሁክ (ከጎን በሚዞር ቡጢ) ጣለው ማለት አይሰራም፤ ያ አሊ ከሦስት ዓመት ተኩል እገዳ የተመለሰ ነው። ዳግላስ በ1990 ቶኪዮ ላይ ታይሰንን ዘረረው ማለትም እንደዚያው። ይልቅ ቶኒ ታከርን አምጡ፤ ረጅም ነው፣ በ1987 ከታይሰን ጋር 12ቱንም ዙር ቆሞ ጨርሷል። ለአሊ ደጋፊ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

«እገሌ እገሌን ካሸነፈ…» የሚለውን ሰንሰለት ገና ሲጀመር ቁረጡት። ፍሬዘር አሊን አሸነፈ፣ ፎርማን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው፣ አሊ ደግሞ ፎርማንን በስምንተኛው ዙር ዘረረው፤ ዞሮ ዞሮ የትም አያደርስም።

ማኪያቶ የምታስይዙ ከሆነ በስንተኛው ዙር፣ በዝረራ ወይስ በነጥብ የሚለውን አስቀድማችሁ ጻፉ። ኮምፒውተር ይፍረደን የሚል ከመጣ፣ በ1970 አሊና የቀድሞው ሻምፒዮን ሮኪ ማርሲያኖ በኮምፒውተር ግምት «ሲጋጠሙ» አሜሪካ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ሲያሸንፍ፣ አውሮፓ ደግሞ አሊ ሲያሸንፍ መታየቱን ንገሩት።