ፕሌት ሂት ኤክስቼንጀር፦ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ተፈቶ ይታጠባል?

ኮምቦልቻ ቢራ ይጠመቃል፣ ጨርቅ ይመረታል። ደሴ ላይ ወተት ላቀነባብር የሚል አይጠፋም። ሁሉም ዘንድ የትኩሱን ፈሳሽ ሙቀት ለቀዝቃዛው ማስተላለፍ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ግን መቀላቀል የለባቸውም። ይህን የሚሠራው ፕሌት ሂት ኤክስቼንጀር ነው። እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸነሸኑ ስስ ፕሌቶች ተደርድረው፣ ትኩሱ በአንዱ ክፍተት፣ ቀዝቃዛው በቀጣዩ ያልፋል።

መጀመሪያ ምን እንደሚያልፍበት እወቁ። ዓይነቱን የሚወስነው ፈሳሹ ነው፤ ሻጩ አይደለም።

ለወተትና ለቢራ ባለ ጎማው፣ ማለትም በፕሌቶቹ መካከል ማሸጊያ ጎማ ያለው ይመረጣል፤ ተፈቶ ይታጠባላ! ወተት በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ቆይቶ ሲመለስ፣ ገቢውን ቀዝቃዛ ወተት ያሞቃል። ነዳጅ የሚቆጥበው እዚህ ጋ ነው። የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ክር ስላለው ሰፊ ክፍተት ያለው ይሁን። ለአብዛኛው የማቀዝቀዣ ጋዝ በመዳብ የተበየደው ይበቃል፤ ትንሽ ነው፣ ግን አይፈታም። አሞኒያ ከሆነ መዳቡን ስለሚበላው በከፊል የተበየደው፣ ማለትም ፕሌቶቹ ጥንድ ጥንድ ተበይደው በጥንዶቹ መካከል ጎማ ያለው ይሻላል።

ጎማውንም ጠይቁ። ኢፒዲኤም የሚባለው የጎማ ዓይነት ሙቅ ውሃ ይችላል፣ የማዕድን ዘይት ግን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ማጠቡ። ፓምፑን አጥፉ፣ ቫልቮቹን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ አፍስሱት። ብሎን ከመንካታችሁ በፊት በሁለቱ ወፍራም የጫፍ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ለኩ። ጎኑ ላይ በቀለም ሰያፍ መስመር አስምሩ። ስትመልሱት መስመሩ ከተሰበረ አንዱ ፕሌት ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል፤ ኋላ ፕሌት ሲቆጥር ይውላል።

ብሎኖቹን በየተራ፣ ማዶ ለማዶ ጥቂት ጥቂት አላሉ። ፕሌቱን በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። የሽቦ ብሩሽ ይቧጭረዋል። ለወተት ቅባት ኮስቲክ ሶዳ፣ ለድንጋያማው ቅሪት ናይትሪክ አሲድ፣ ሁለቱም ለየብቻ በውሃ ቀጥነው፤ ጓንትና መነጽር አይቅር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን አታስጠጉት፤ ስቴንለሱን ይበሳዋል።

ስትዘጉት በጻፋችሁት ልክ አጥብቁ። ከዚያ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ወደ ውጭ ካንጠባጠበ፣ ግፊቱን አውርዳችሁ ልኩን እንደገና አረጋግጡ። ግፊት እያለ ብሎን አይጠበቅም። ልኩ ትክክል ሆኖ ማንጠባጠቡ ካላቆመ ጎማው አርጅቷልና ቀይሩት።