የቮልሷ መስታወት ጉም እንዳይለብስ

ሞዴል መኪና ለምትገጣጥሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መስታወቱን በሱፐር ግሉ እንዳትነኩት!

እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ዘመዴ ከውጭ አገር ያመጣልኝን የታሚያ (የጃፓን ሞዴል አምራች ነው) ቮልስ ጎንደር ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስት ሳምንት ለፋሁባት። መጠኗ 1 ለ24 ነው። እውነተኛዋ 4 ሜትር ያህል ስለሆነች ይቺ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ትሆናለች፤ መዳፍ ላይ ቁጭ ትላለች። የፊት መስታወቷን በሱፐር ግሉ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ሳያት በክረምት ሊማሊሞን እንደምትወርድ መኪና ጉም ለብሳለች። ለካ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ነው ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረው። በጨርቅ ብፈትገው፣ ብፈትገው ወይ ፍንክች!

መፍትሔው ያለው እንጨት ቤት ነው። ከአናጺዎቹ ነጩን ኮላ ትንሽ ለምኑ (ሙሉ ዕቃ መግዛት ለእኛ ሥራ ብክነት ነው)። በስቴኪኒ ጫፍ እየነካችሁ የመስታወቱን ጠርዝ ብቻ ዙሩበት። ሲቀባ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ከመስመር ከወጣም ሳይደርቅ በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። ቶሎ ስለማይዝ በወረቀት ፕላስተር ደግፉትና እስከ ማግስቱ አትንኩት። በዝናቡ ወቅት ሁለት ቀን ብትታገሡ ይሻላል።

ለቻሲው (ለታችኛው አካሏ) ግን ኮላ አትሞክሩ። እዚያ የሚሠራው የፕላስቲኩን ገጽ አቅልጦ የሚያጣብቀው የሞዴል ማጣበቂያ ነው።