የድሮ የመርከብ መድፍ፦ ሠሪውንና ዋጋውን እንዴት እንለያለን?

በእንግሊዝ የወደብ ከተሞች ከአገልግሎት የወጡ መድፎች አፋቸው ወደ ላይ ተደርጎ መንገድ ዳር ይተከሉ ነበር፤ ጋሪ የእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይወጣ። ያኔ ከቁርጥራጭ ብረት የተሻለ ዋጋ አልነበራቸውም። ዛሬ ሲያዩአቸው መንታ የሚመስሉ ሁለት መድፎች ጨረታ ላይ ቀርበው አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ዝገትና ቀለም ስር በተደበቁ ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ላይ ነው። እነሱን ለማንበብ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀትና ከሰል ይበቃሉ።

ከሁሉ በፊት ግን መድፉ እንደጎረሰ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለ እንጨት በአፉ አስገቡና እስከየት እንደገባ ምልክት አድርጉበት። ያንኑ እንጨት አውጥታችሁ በመድፉ ጀርባ ላይ አስተኙት። ጫፉ ኋላ ካለው የእሳት መስጫ ቀዳዳ አጠገብ ካልደረሰ ውስጡ አንድ ነገር አለ። ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ አረርና ባሩድም ሊሆን ይችላል። መሰርሰሪያም ሆነ የብየዳ እሳት አታስጠጉ፣ ፖሊስ ጥሩ። አሮጌ ባሩድ ርሶ ከደረቀ በኋላም ይቀጣጠላል።

ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ ለማጽዳት አትቸኩሉ። የሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ሲያስለቅቅ ፊደሉንም ይዞት ይሄዳል። ሲመሽ የእጅ ባትሪ ከጎን አጋድማችሁ አብሩ፤ ቀን ላይ የማይታይ ጽሑፍ ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል። ወረቀት ለጥፋችሁ በላዩ ከሰል ብታሹበት ደግሞ ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

አሁን ለኩ። የአፉን ስፋት ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ውሰዱ፤ ዝገት ጫፉን ያሰፋዋል። የእንግሊዝ መድፍ የሚጠራው በሚተኩሰው የብረት አረር ክብደት ነው፦ 93 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ባለ 6 ፓውንድ፣ 117 ከሆነ ባለ 12፣ 148 ከሆነ ባለ 24፣ 163 ከሆነ ባለ 32። ልኩ ከእነዚህ ጋር አልገጥም ካለ የሌላ አገር ሥራ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የድሮው የፈረንሳይ ፓውንድ ከእንግሊዙ ይከብዳል።

እኔ ከሁሉም የምወደው የክብደቱን ቁጥር ነው። በእንግሊዝ መድፍ ኋላ ላይ፣ ከእሳት መስጫው አካባቢ፣ ሦስት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። 20፣ 1፣ 14 የሚል አገኛችሁ እንበል። የመጀመሪያው ቁጥር በ112 ፓውንድ ይባዛል፣ ሁለተኛው በ28 ፓውንድ፣ ሦስተኛው ራሱ ፓውንድ ነው። 2240 ሲደመር 28 ሲደመር 14፣ በድምሩ 2282 ፓውንድ ይሆናል፤ 1035 ኪሎ ግድም ማለት ነው። በዚህ ስሌት መካከለኛው ቁጥር ከ3፣ የመጨረሻው ከ27 ሊበልጥ አይችልም። መካከሉ ላይ 7 ያለበት መድፍ ካያችሁ ቁጥሩን የጻፈው ሰው ትርጉሙን አያውቅም ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ትክክል መስሎ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግማሹን እንኳ የማይመዝንም አለ።

ከዚያ ወደ ጀርባው ተመልከቱ። ዘውድ፣ ከሥሩም ተጠላልፈው የተጻፉ ጂ እና አር የላቲን ፊደላት ካሉ የንጉሥ ጆርጅ ዘመን ነው፤ መካከሉ ላይ 3 ቁጥር ካለ እ.ኤ.አ. ከ1760 እስከ 1820 የነገሠው ሣልሳዊ ጆርጅ ነው። የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት የመንግሥት ንብረት መሆኑን ይናገራል። ከኋላው ጉብታ በላይ ገመድ የሚያልፍበት ቀለበት ከመድፉ ጋር አብሮ ከተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1780 የመድፍ ተቆጣጣሪ የሆነው ቶማስ ብሎምፊልድ ያወጣው ቅርጽ ሊሆን ይችላል።

ሠሪው የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ መድፉን ከሠረገላው ጋር በሚይዙት፣ ግራና ቀኝ በወጡት ሁለት ክንዶች ጫፍ ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚያ አያይም፤ ቀለምም የሚከመረው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 የተመሠረተው የስኮትላንዱ የካሮን ብረት ፋብሪካ ስሙን ሙሉውን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ተራ ቁጥሩን ያስቀምጣል። ካሮናድ የሚባለው አጭር መድፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ፋብሪካ ነው፤ ብዙዎቹ ካሮናዶች ክንድ የላቸውም፣ ከሆዳቸው ሥር ባለ ቀዳዳ ነው የሚታሰሩት። ኤፍ ብቻ ካለ የስዊድኑን የፊንስፖንግ መድፍ ፋብሪካ አስቡ። የቪ፣ ኦ እና ሲ ጥልፍልፍ ደግሞ የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ምልክት ነው። እሱ ባለቤቱን እንጂ አቅላጩን አይነግራችሁም።

ቅጂ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው ሴባስቶፖልም ቅጂ ነው፣ ዋናው መቅደላ ነው ያለው። ችግሩ ቅጂ በዋናው ዋጋ ሲሸጥ ነው። እሳት መስጫው ውስጥ ሽቦ አስገቡ፤ ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ጌጥ ነው። ከአፍ እስከ ኋላ የሚሄድ የቅርጽ መጋጠሚያ መስመርና ጠርዛቸው የደነዘዘ ፊደላትም ያጠራጥራሉ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ዕድሜ ብቻውን ብዙ አያወጣም። ንጉሣዊ አርማ ያለው ነሐስ ከላይ ይቀመጣል፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው የነጋዴ መርከብ ብረት ከታች። ከየትኛው መርከብ እንደወጣ የሚመሰክር ወረቀት ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ወረቀት የሌለው የባሕር መድፍ ደግሞ ጣጣ ያመጣል። ብሪታንያ ውስጥ ከሰመጠ መርከብ የወጣ ዕቃ በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት ባለሥልጣን መነገር አለበት።

ከባሕር የወጣ ብረት ሌላም ጉድ አለው። ጨዋማው ውሃ ብረቱን እየበላ እርሳስ ውስጥ እንዳለው ያለ ጥቁር ለስላሳ ነገር ይተዋል፤ ቅርጹ እንዳለ ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል። ሲደርቅ ግን እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይረግፋል። ጨውን ለማውጣት ኬሚካል ባለበት ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ወጪው ከመድፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መድፉ ለምን ያህል ጊዜ ገንዳ ውስጥ እንደቆየ ሻጩን ጠይቁት። «በቧንቧ ውሃ አጥበነዋል» ካላችሁ፣ የገንዳውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሳችሁ ተነጋገሩ።