ቁጥር ያለውን የማይዝግ ብረት መላጊያ መግዛት፣ ማዘጋጀትና መጠቀም

በውስን ቁጥር ተሠርቶ ተራ ቁጥሩ አካሉ ላይ ተቀርጾ የሚሸጥ የእንጨት ሥራ የእጅ መላጊያ ብዙ ጊዜ ከነሳጥኑ ተቀምጦ ይቀራል። ይህ መሣሪያውን አይጠብቀውም። አካሉ ከማይዝግ ብረት ቢሠራም ምላጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚዝግ ብረት ነው፤ ዘወር ብሎ የሚያየው ከሌለ ሳጥን ውስጥም ይዝጋል። እዚህ የምናሳየው አሠራር በአንድ ደንብ ይመራል፦ ምላጩን እንደልብዎ ይሣሉት፣ አካሉን አይፋቁት። ምላጭ ተስሎ ሲያልቅ ይተካል። የተፋቀ አካል ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፣ ዋጋውም አብሮት ይወርዳል።

ሲገዙ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚገኘው ለዕለት ሥራ የሚሆን መላጊያ ነው። ቁጥር ያለው በትእዛዝ ወይም በዘመድ እጅ ከውጭ ስለሚመጣ ሳይነኩት ነው የሚገዙት። ስለዚህ ሻጩን እነዚህን ፎቶዎች ይጠይቁት፦ የታችኛው ገጽ በሙሉ፣ ምላጩ የሚወጣበት አፍ በቅርብ፣ የተቀረጸው ቁጥር፣ የምላጩ ጀርባ፣ በመጨረሻም ምላጩ ወጥቶ የአካሉ ውስጥ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ኒኬል ወይም ክሮም የተነከረ ተራ ብረት የማይዝግ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ሽፋኑ ቡሎን በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚሳሳ፣ በአፉ ጠርዝ ላይም ስለሚላጥ ዝገቱ ቀድሞ ብቅ የሚለው እዚያ ነው።

ማግኔት ግን ዳኛ አይሆንም። 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ማግኔት አይስበውም፣ 416 እና 420 የሚባሉት ግን ይሳባሉ፤ ሦስቱም እውነተኛ ናቸው። ማግኔት ያዘው ብለው ጥሩ መሣሪያ እንዳያልፍዎት።

ተራ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። የቁጥሩ ጠርዝ ደብዝዞ የአካሉ ማዕዘኖች ተድበልብለው ካዩ አንድ ሰው በሞተር ወልውሎታል ማለት ነው። እንደ መስታወት ቢያብለጨልጭም እንዲህ ያለውን ይተዉት፤ ጠርዙ የተድበለበለ መላጊያ ቀጥ ያለ ገጽ አያወጣም።

እጅዎ ሲገባ

የፋብሪካውን ቅባት በነጭ ጋዝ በነከሩት ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ ምላጩን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ነገር ግን ለሥራ እንደሚያጠብቁት አጥብቀው፣ ታችኛውን ገጽ ይፈትሹ። ምላጩን የሚይዘው ኃይል አካሉን በጥቂቱ ስለሚያጎብጠው ፈትቶ መለካት ያሳስታል። ቀጥ ያለ እስኳድራ ይጋድሙበትና መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበትን ፊለር ጌጅ፣ 0.05 ሚሊ ሜትሩን ቅጠል፣ ከሥሩ ለማስገባት ይሞክሩ። አፍንጫው (የፊት ጫፉ)፣ ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ቦታና ተረከዙ (የኋላ ጫፉ) ቅጠሉን ማስገባት የለባቸውም። በመካከላቸው ትንሽ ጎድጎድ ቢል ግድ የለም። ከአፉ ፊት ከገባ ግን መላጊያው እንጨቱን ተጭኖ ስለማይይዝ ይቦጭቃል፤ ወደ ሻጩ ይመልሱት። በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ ብለው አይጀምሩ፣ የማይዝግ ብረት ለመፋቅ አስቸጋሪ ነው፣ ጭረቱም አይጠፋም።

ምላጩን መሣል

10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመስኮት መስታወት ቁራጭና የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል፦ 400፣ 800፣ 1200 እና 2000 ቁጥር። 400ው ምላጩ ከተሸረፈ ብቻ ነው።

ከጀርባው ይጀምሩ። ጫፉ አካባቢ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከዳር እስከ ዳር እስኪያበራ ድረስ ወረቀቱ ላይ ለጥ አድርገው ያሹት። ከዚያ ፊቱን፣ ማለትም ሰያፉን ገጽ፣ በ25 ዲግሪ ይሣሉ፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እየሳቡ፤ ወደ ፊት ከገፉት ወረቀቱን ይቆርጠዋል። በጀርባው በኩል ጣትዎን ወደ ጫፉ ሲያንሸራትቱ ቀጭን የብረት ከንፈር መኖር አለበት፣ በስፋቱ ሙሉ። አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ስለቱ እዚያ አልደረሰም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከንፈሩ ሳይሞላ ወደ 2000ው ይሸጋገራል፣ ከዚያ ምላጩ የማይበላው ለምን እንደሆነ ይቸግረዋል። ሲሞላ በ30 ዲግሪ ጥቂት ጊዜ ስበው ጀርባውን ለጥ አድርገው ያሹት፣ ከንፈሩ ይወድቃል።

ለዋንዛና ለጽድ ይህ ይበቃል። ወይራ ግን ጠንካራና የእንጨቱ ክሮች የተጠላለፉ ስለሆነ ይቦጨቃል። መላጊያዎ ፊቱ ወደ ላይ የሚታሰርና ምላጩ በ12 ዲግሪ የሚተኛ ዓይነት ከሆነ፣ ሁለተኛ ምላጭ በ38 ዲግሪ ስለው ይያዙ፤ ሁለቱ ተደምረው 50 ዲግሪ ስለሚሆኑ ወይራው ይለሰልሳል። በ45 ዲግሪ ለሚተኛው ለተለመደው ዓይነት ደግሞ ምላጩ ላይ ተደርቦ የሚታሰረውን ደራቢ ብረት ከስለቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ያስሩት። ለጠረባ ሥራ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሁን።

መላግ

ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ የከረመ ጣውላ አሸዋ ይዟል። በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉት፣ ሚስማር ይፈልጉበት፣ የመጀመሪያውን ገጽ በተራ መላጊያ ያንሱ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ስለቱን ከነካች ከዚያ በኋላ በላጉት ገጽ ላይ ሁሉ እንደ ክር ቀጭን ጉብታ ትተዋለች፤ ብርሃን በጎን ሲመታው ትታያለች። ያን ክር ካዩ ሥራውን አቁመው ወደ መስታወቱ ይመለሱ።

ምላጩን ሙሉ በሙሉ ሰብስበው በጥቂት በጥቂቱ ያውጡት። ቀጭን የእንጨት ስንጥር በአፉ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ እየሳቡ ይሞክሩ፤ ሁለቱም በኩል እኩል እስኪበላ በጎን ማስተካከያው ያዛውሩት። ምላጩ የሚወጣበትን መጠን ሲወስኑ የማስተካከያው ቡሎን የመጨረሻ ዙር ወደ ፊት ይሁን፣ አለበለዚያ የቡሎኑ ጥርስ ላይ የቀረው ክፍተት ምላጩን በሥራ መሐል ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል። ለማለስለስ አፉን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያጥብቡ።

ገፍተው ሲጀምሩ አፍንጫውን፣ ሲጨርሱ ተረከዙን ይጫኑ። ታችኛው ገጽ መያዝ ከጀመረ ነጭ ሻማ በሁለት ሰያፍ መስመር ያስነኩት። ሻማ ካልቀቡት ጉልበትዎን እንጨቱ ሳይሆን ሰበቃው ይበላዋል።

ከሥራ በኋላ

የማይዝግ ማለት ፈጽሞ የማይጎዳ ማለት አይደለም። ጨው የብረቱን መከላከያ ስስ ሽፋን ሰብሮ ነጠብጣብ ጉድጓድ ይፈጥራል፣ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ላብ መላጊያው ላይ መንጠባጠቡ አይቀርም። ሳያሳድሩ በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ይጥረጉ። በረኪና በምንም ምክንያት አያስነኩት። የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦም አይጠቀሙ፤ የሽቦው ብናኝ ገጹ ላይ ተጣብቆ ይዝግና መላጊያው ራሱ የዛገ ያስመስለዋል።

እጀታው እንጨት ነው። ከቀዝቃዛና እርጥብ አገር መጥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ማሰሪያው ቡሎን ይላላል። በየጊዜው በጥቂቱ ያጥብቁት፣ በኃይል ከጠመዘዙት ግን እጀታው ይሰነጠቃል።

ምላጩን የስፌት መኪና ዘይት በነካ ጨርቅ ያብሱ፤ ሐረር ጀጎል መኪና ግርግር ያሉት ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። በቆዳ ከረጢት አያስቀምጡት፣ ቆዳ ከተለፋበት የሚቀር ጨውና አሲድ ብረትን ይበላል። የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለውት ወደ ሳጥኑ ይመልሱ፣ ሐረር ላይ በክረምት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው ዘይቱን ያድሱ።