የመግቢያ ነጥብ ከመቁረጣችሁ በፊት የነባር ተማሪዎቻችሁን ማህደር ክፈቱ

ለስድስት ዓመት የውሃ ሀብት ምህንድስና የማስተርስ አመልካቾችን የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ጎበዝ ተማሪ ይመጣልናል ብለን የመግቢያ ጂፒኤውን ከ2.75 ወደ 3.25 ከፍ አደረግነው። አመልካቹ ቀነሰ፤ የገቡት ግን ከቀደሙት አልተሻሉም። የውጤት አሰጣጥ ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ የአንዱ 2.90 ከሌላው 3.40 የሚከብድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መስፈርት እንድታወጡ ከተመደባችሁ ቁጥሩን ለመጨረሻ አቆዩት።

መጀመሪያ የሦስት ዓመት ተማሪዎቻችሁን ማህደር ከሬጅስትራር አስወጡ። የገቡበትን ጂፒኤ፣ የጋት (የድህረ ምረቃ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና) ውጤታቸውንና የእናንተን ፈተና ውጤት በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሩ፤ ከጎኑ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤታቸውን፣ ቴሲሳቸውንም በጊዜው መጨረስ አለመጨረሳቸውን ጻፉ። በትምህርቱ የሚበረታውን አስቀድሞ ያመላከተው የትኛው ውጤት እንደሆነ ከዚያ ታያላችሁ። መቁረጫው ተማሪ መንገዳገድ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይሁን እንጂ ለአፍ ስለሚመች ብቻ 60 ወይም 70 አትበሉ።

የራሳችሁ ፈተና ጋትን አይድገም። ጋት የቋንቋ፣ የሒሳብና የማመዛዘን ችሎታ ይለካል፤ እናንተ ሙያውን ጠይቁ። እኛ አንዳንድ ወራት የጎደሉበትን የአሥር ዓመት የዝናብ መዝገብ ሰጥተን «ክፍቱን በምን ትሞላዋለህ? ለምን?» እንላለን። ቀመር የሸመደደውና ነገሩ የገባው እዚያ ላይ ይለያሉ። ሲታረም ስም ይሸፈን፤ አንዱን ወረቀት ሁለት መምህራን ይረሙት፤ ከ10 ነጥብ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ጨምሩ።

ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ከሦስት ወር በፊት ለጥፉ። በዚህ ጉዳይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ፤ «ጥያቄ ያልቅብናል» ይሉኝ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ግን ብዙ አማራጭ አለው፤ የሚጠየቀውን ሲያይ ምን እንደሚማር ይገምታል። ወረዳ ላይ የሚሠራውም መጻሕፍት ፈልጎ የሚዘጋጅበት ጊዜ ያገኛል።

ከገቡ በኋላ ደግሞ፣ በማስተርስም በመጀመሪያ ዲግሪም፣ ኤ አታርክሱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን በ50 ከመቶ ማለፍ አለበት። ኤ የሞላበት ትራንስክሪፕት ይዞ እዚያ ላይ የወደቀ ልጅ ካለ፣ ወሬው በሚቀጥለው ዓመት ሊያመለክት ያሰበው ሁሉ ጆሮ ይገባል።

ሴኔት ሳያጸድቀው አዲሱን መስፈርት ቀድመው በገቡት ላይ ሞክሩት። እኛ ዘግይተን ስንሞክረው፣ በ2.81 ገብቶ ቴሲሱን ከሁሉም ቀድሞ ያስረከበውን የወረዳ ውሃ ባለሙያ 3.25ቱ በር ላይ ያስቀረው ነበር። ዝቅተኛውን ጂፒኤ ወደ 2.75 መለስን፤ ትልቁን ክብደት ለዝናቡ ጥያቄ ሰጠን።