የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው የሴንሰሩን ግራፍ እንዴት ያንብብ?

ክንድ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ ሴንሰር የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሳይሆን ከቆዳ ሥር በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ንባቡ ጣት ተወግቶ ከሚለካው ደም ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይዘገያል። ነጠላ ቁጥር ላይ አይፍጠጡ፤ የሚነበበው የመስመሩ ቅርጽ ነው።

ሴንሰሩን በክንድዎ ጀርባ፣ ሲተኙ በማይጫኑት በኩል ይለጥፉት። ቆዳውን በአልኮል ጠርገው በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ ቶሎ ይላቀቃል። የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ንባብ ከቁም ነገር አይቁጠሩት። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ቀናት አመጋገብዎን ሳይለውጡ የበሉትን፣ የተኙበትንና የተንቀሳቀሱበትን ሰዓት ብቻ ይመዝግቡ።

ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ቀን ከ70 እስከ 140 ሚሊግራም በዴሲሊትር መካከል ይቆያል፤ አማካዩ ወደ 100 ይጠጋል። መሣሪያዎ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ በ18 ያባዙት። ከምግብ በኋላ ለአጭር ጊዜ 140ን ማለፍ በጤነኞችም ላይ ይታያልና አያስደንግጥዎ። ሊነጋ ሲል ምንም ሳይበሉ መስመሩ ቀና ካለም ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ጉበትን ስኳር እንዲለቅ ስላዘዙት ነው።

ከምግብ በኋላ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ መነሻውን፣ ጫፉንና የተመለሰበትን ሰዓት። ከጠዋቱ 1፡00 ላይ ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ በልተው መስመሩ ከ90 ተነሥቶ 1፡50 ላይ 135 ደረሰ፣ 3፡30 ላይ ወደ 90 ተመለሰ እንበል። ይህ ጤናማ ኮረብታ ነው። ግን በአንድ ቀን ዳቦው ላይ አይፍረዱ፤ ያው ምግብ በዚያው ሰው ላይ በተለያየ ቀን የተለያየ ውጤት ይሰጣል። በተመሳሳይ መጠንና ሰዓት ሦስት ጊዜ ይሞክሩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፦ ወይ አትክልቱንና እንቁላሉን ከዳቦው ያስቀድሙ፣ ወይ በልተው እንደተነሡ 15 ደቂቃ በእግርዎ ይራመዱ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጉ ጫፉን የትኛው እንዳወረደው አይታወቅም። ጠዋት የበሉትን ማታ ቢደግሙት ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ሰውነት ማታ ላይ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው የሌሊቱ ጉድጓድ ነው፦ መስመሩ ድንገት 55 ይወርድና ሲገላበጡ ወዲያው ተመልሶ ይወጣል። ብዙ ጊዜ መንስኤው ክንዱን ተጭኖ መተኛት ነው። ካላበዎት ወይም ከተንቀጠቀጡ ግን ሳይዘገዩ በጣት ደም ያረጋግጡ። በሌላ ጊዜ ለማነጻጸር ከሆነ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ እጅዎን ታጥበውና አድርቀው ይለኩ፤ ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ውጤቱን ያበላሻል። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ መውሰድም አንዳንድ ሴንሰሮችን ያለአግባብ ከፍ አድርገው እንዲያነብቡ ያደርጋል። ከባድ ክብደት ካነሡ ወይም በሙሉ ኃይል ከሮጡ በኋላ የሚታየው ጭማሪ ግን እውነተኛ ነው፤ አድሬናሊን ጉበትን ስላነቃቃው ነው፣ ያልፋል።

በ98 እና በ103 መካከል ያለው ልዩነት በሴንሰሩ ስሕተት ውስጥ የሚጠፋ ነው። ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ንባቡ በተደጋጋሚ ከ140 የማይወርድ ወይም የጾም ንባቡ ለቀናት ከ100 በላይ የሚቆይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሄደው የላቦራቶሪ የጾም ስኳርና የሂሞግሎቢን ኤ1ሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ) ምርመራ ያድርጉ፤ የስኳር ሕመም በሴንሰር ግራፍ ብቻ አይረጋገጥም።