የሶፍትዌር ልማት ሞዴሎችን ስናነጻጽር የምንሠራቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ የተመራቂ ተማሪዎችን የፕሮጀክት ሰነድ አነባለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራባቸውን መንገዶች የሚያነጻጽር አንድ ሰንጠረዥ አይጠፋም፦ ዋተርፎል፣ ቪ ሞዴል፣ ስፓይራል፣ አጃይል፤ ከጎናቸው "ጥቅም" እና "ጉዳት"። ከሥሩ "ከላይ በተጠቀሱት ምክንያቶች አጃይልን መርጠናል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይከተላል። ያንን ገጽ ቀድጄ ሌላ ቡድን ሰነድ ውስጥ ባስገባው አንድም ቃል መቀየር አያስፈልገኝም። ይህ ነገር ያስጨንቀኛል፤ እነዚሁ ልጆች ነገ ሥራ ሲይዙ የሰው ገንዘብና ጊዜ የሚበላ ውሳኔ የሚወስኑት በዚሁ ልማድ ነው።

ንጽጽሩን ፕሮጀክቱን ሳያውቁ መጀመር

ካቻምና አራት ተማሪዎች ለአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የታካሚዎች መዝገብ ሠርተው ነበር። ዋተርፎልን፣ ማለትም አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ የማለፍን መንገድ፣ መርጠዋል፤ ምክንያታቸው "ሪኳየርመንቱ ግልጽና የማይለወጥ ስለሆነ" የሚል ነው። ሪኳየርመንት ማለት ሶፍትዌሩ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚዘረዝረው መስፈርት ነው። እውነትም ግልጽ ይመስላል። ታካሚ ይመዘገባል፣ የካርድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተመልሶ ሲመጣ በስሙ ይፈለጋል። ጥቅምት ላይ ጠይቀው፣ ሰነዱን አስፈርመው ሄዱ። ዳታቤዙን ነድፈው፣ ኮዱን ጨርሰው ወደ ካርድ ክፍሉ የተመለሱት ዲፌንሱ፣ ሥራቸውን በፈታኞች ፊት የሚያቀርቡበት ቀን፣ አሥር ቀን ሲቀረው ነው።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና "ፀሐይ" ብለው ፈለጉ። ምንም አልወጣም። ታካሚዋ ከአምስት ደቂቃ በፊት ተመዝግባለች፤ የመዘገባት ልጅ ግን "ጸሀይ" ብሎ ነበር የጻፈው። ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ለየብቻ ፊደል ናቸው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ስሙ ሲመዘገብም ሲፈለግም ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ መልክ መመለስ ነው። ሴትዮዋ ግን ቀጠሉ፦ "ልጆቼ፣ እኔ የአያት ስም ሳልጠይቅ ካርድ አላወጣም። የአያት ስም የት አለ?" ቦታው አልነበረም። ዳታቤዙ ላይም፣ ቅጹ ላይም፣ ሪፖርቱ ላይም።

ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። የተሳሳቱት "አይለወጥም" የሚለውን "ታውቋል" ከሚለው ጋር በማምታታት ነው። የካርድ ክፍሉ አሠራር ለዓመታት አልተለወጠም፤ እነሱ ግን አያውቁትም ነበር። መማሪያዎቻችን "ሪኳየርመንቱ የተረጋጋ ከሆነ ዋተርፎል" ሲሉ ይህን ልዩነት ቶሎ ያልፉታል። ማነጻጸር ያለብን የሥራው ባለቤት የሚያውቀውን እኛ ምን ያህል እናውቀዋለን በሚለው ነው።

ዋተርፎልን ከሥዕሉ ብቻ ማወቅ

ደረጃ በደረጃ ወደ ታች የሚወርደውን ሥዕል የማያውቅ ተማሪ የለም። ምንጩ አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ጽሑፍ ነው ይባላል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን "ዋተርፎል" የሚል ቃል የለም። እንዲያውም ሮይስ ሥዕሉን ካስቀመጠ በኋላ፣ በሐሳቡ ቢያምንም እንደተሳለው መተግበሩ አደገኛ እንደሆነና ውድቀትን እንደሚጋብዝ ይናገራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ቴስት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ በወረቀት የተገመተው ነገር በእውን የሚታየው ያኔ ነው፤ ካልሠራ ደግሞ ወደ ዲዛይኑ፣ አንዳንዴም ወደ ሪኳየርመንቱ ይመልሳል። ጊዜው ወይም ወጪው እስከ 100 በመቶ ሊያልፍ እንደሚችልም ጽፏል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነበር፤ አንዱን ለመማሪያ፣ ሁለተኛውን ለማስረከብ። ሌላው ደንበኛውን ከማስረከቢያው ቀን አስቀድሞ ወደ ሥራው ማስገባት ነበር።

ስለዚህ "ዋተርፎል ወደ ኋላ አይመለስም" ብሎ ጽፎ ከዚያ መተቸት የሮይስን ማስጠንቀቂያ ረስቶ ሥዕሉን ብቻ መተቸት ነው። ጥብቁ ዋተርፎል ግን በሥራ ላይ አልዋለም ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የሶፍትዌር ስታንዳርድ ብዙ ኮንትራክተሮች ሥራቸውን በዚያው ቅደም ተከተል እንዲሠሩ ገፍቷቸዋል፤ በ1994 የተተካውም በአብዛኛው በዚህ ግትርነት በቀረበበት ወቀሳ ነው። ንጽጽራችሁ ውስጥ የትኛውን ዋተርፎል እንዳስገባችሁ ተናገሩ፤ የሮይስን ነው ወይስ የስታንዳርዱን?

የተለያየ ዓይነት ነገርን በአንድ ሰንጠረዥ መደርደር

አጃይል ሞዴል አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በዩታ፣ ስኖውበርድ በተባለ ቦታ የተሰበሰቡ 17 ሰዎች የተስማሙባቸው አራት እሴቶችና እነሱን የሚያብራሩ 12 መርሆዎች ናቸው። በመጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን ይሠራል አይልም። ስክረም ደግሞ የቡድን አደረጃጀትና የጊዜ አጠቃቀም ማዕቀፍ ነው። የ2020ው የስክረም መመሪያ 13 ገጽ ነው፤ ስፕሪንት የሚባለው አጭር የሥራ ዙር ከአንድ ወር እንዳይበልጥ፣ የዕለቱ ስብሰባ በ15 ደቂቃ እንዲያልቅ ይወስናል፤ ኮድ እንዴት ይጻፍ፣ ቴስት እንዴት ይደረግ ግን አይነግራችሁም። ያንን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባችሁ። ካንባን የሚባለው አሠራር በአንድ ጊዜ የተጀመረ ሥራ እንዳይበዛ ይገድባል፤ ከየትኛውም ጋር ሊሄድ ይችላል።

"ከዋተርፎልና ከስክረም የቱ ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ መልስ የማይገኝለት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ "አጃይል ስለሆንን ሰነድ አላዘጋጀንም" የሚል ተማሪ በየዓመቱ ይገጥመኛል። እነዚያ 17 ሰዎች የሚሠራ ሶፍትዌርን ከተንዛዛ ሰነድ እናስበልጣለን አሉ እንጂ ሰነድ ይቅር አላሉም።

እየጨመሩ መሥራትና እየደጋገሙ መሥራትን አንድ ማድረግ

አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሰርቪሱን ይሠራና ይገባበታል፤ ዋናው ቤት ገንዘብ ሲገኝ ይከተላል። ይህ እየጨመሩ መሥራት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ያለቀ ነው፣ ግን ሙሉው ገና ነው። ልብስ ሰፊ ግን ቀሚሱን ለቀቅ አድርጎ ይሰፋውና ያለብሳችኋል፤ ትከሻው ይጠባል፣ ወገቡ ይሰፋል፣ ፈትቶ ያስተካክላል፣ ዳግም ያለብሳል። ይህ እየደጋገሙ ማሻሻል ነው።

ሥራውን በስድስት ስፕሪንት ከፋፍሎ ያለቀውን ክፍል ዳግም የማይነካ ቡድን ሰርቪስ እየሠራ ነው እንጂ ቀሚስ እየለካ አይደለም። የካርድ ክፍሉ ልጆች ስክረም ቢሉም፣ ምዝገባውን በአንደኛው ወር ጨርሰው ለሴትዮዋ ሳያሳዩ ቢያልፉ ኖሮ የሚደርሱት እዚያው ነበር።

ውጤቱን ሁሉ ለሞዴሉ መስጠት

የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) የመዝገብ አያያዝ ሥርዓት ተደጋግሞ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከበላ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ተተወ። ተተኪው ሴንቲነል በ2006 ተጀምሮ ሲጓተት ቆየ፤ በ2010 ኤፍቢአይ ሥራውን ራሱ ተረክቦ ወደ አጃይል አዞረው፣ በሐምሌ 2012ም ሥራ ላይ ዋለ። "አጃይል አዳነው" የሚለው ታሪክ ከዚህ መጣ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሌላም ተለውጧል፤ ሥራው ከኮንትራክተር እጅ ወደ ባለቤቱ ገባ፣ ቡድኑም በጣም አነሰ። ከእነዚህ የትኛው ስንት እጁን እንደሠራ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ያልለየነውን ደግሞ ለአንዱ ብቻ አንስጥ።

በተቃራኒውም ተመልከቱ። ከአጃይል ዘዴዎች አንዱ የሆነው ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ዝናውን ያገኘው በመኪና አምራቹ ክራይስለር የደመወዝ ሥርዓት ፕሮጀክት ነው፤ ያ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2000 ተቋርጧል። አሠራሮቹ ግን ዛሬም በየቦታው አሉ። የአንድ ፕሮጀክት መቋረጥም የሞዴል ሞት አይደለም።

ውሉን መርሳት

በጨረታ የተገኘ፣ ዋጋው የተቆረጠ፣ ክፍያው ሰነድ ሲፈረም በየምዕራፉ የሚለቀቅ ሥራ ላይ ቡድኑ በየሁለት ሳምንቱ ስፕሪንት ቢያደርግም ገንዘቡ የሚሄደው በዋተርፎል ነው። ደንበኛው በአራተኛው ስፕሪንት "ይህ ይቀየር" ሲል መልሱ ያለው ውሉ ውስጥ ነው። ለውጥ እንዴት እንደሚጠየቅና ማን እንደሚከፍለው ሳታነቡ ሞዴል አትምረጡ።

"የሰው ሕይወት የሚነካ ሥራ ዋተርፎል ብቻ ነው" ማለት

የአውሮፕላን ሶፍትዌር የሚመዘንበት ዲኦ-178ሲም፣ የሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌር የሚመራበት አይኢሲ 62304ም አንድን ሞዴል አያስገድዱም። የሚጠይቁት ማስረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ሪኳየርመንት የት እንደተሠራና በየትኛው ቴስት እንደተረጋገጠ። የጠፈር መንኮራኩሩ የስፔስ ሻትል ዋና የበረራ ሶፍትዌር እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1980 ባሉት 31 ወራት የተሠራው በ17 ዙር ነው።

ስጋትን ከሰንጠረዡ ውጭ መተው

አሜሪካዊው የሶፍትዌር ምሁር ባሪ ቦም፣ ሥራው በዙር በዙር እየሰፋ የሚሄድበትን ስፓይራልን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲያቀርብ ዋናው ነገር የሥዕሉ ክብ አልነበረም። በየዙሩ መጀመሪያ "አሁን ፕሮጀክቱን ሊገድለው የሚችለው ምንድን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል፤ የዚያ ዙር ሥራም በመልሱ ይወሰናል። ስጋቱ ተጠቃሚው ምን እንደሚፈልግ አለማወቅ ከሆነ ናሙና ይሠራል፤ እሱ ከተፈታና የቀረው በታወቀ ነገር ላይ መሥራት ብቻ ከሆነ ቀሪው እንደ ዋተርፎል ሊሄድ ይችላል። ተማሪዎቻችን ግን ስፓይራልን "ውድ ነው፣ ለትልቅ ፕሮጀክት ነው" ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆነው ጥያቄ ያለው እዚያው ዘለውት የሄዱት መስመር ላይ ነው።

ሰንጠረዡን ከመሳላችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ የማታውቁትን ጻፉ፤ ከጎኑ በምንና መቼ እንደምታውቁት። የካርድ ክፍሉ ልጆች ወረቀት ላይ ቢያንስ ሦስት ነገር ይሰፍር ነበር፦ ታካሚ በምን በምን ይፈለጋል? ሠራተኛዋ አማርኛ በምን ኪቦርድ ይጽፋሉ? መብራት ሲጠፋ ካርድ እንዴት ይወጣል? የመጀመሪያውን ለማወቅ አንድ የፍለጋ ገጽ፣ ሃያ ስምና ከሴትዮዋ ጋር አንድ ጠዋት ይበቃቸው ነበር፤ ያውም ጥቅምት ላይ።